የሥነ ምግባር ኮሚቴ ካጸደቀው በኋላ የካንሰር ሕክምና ሙከራን ማን ይከታተለዋል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠሩ አንድ የካንሰር ሐኪም በሆስፒታላቸው የክሊኒካል ሙከራዎችን የሚያስተባብርና የሚቆጣጠር ክፍል እንዲያቋቁሙ ተመድበዋል። የመጀመሪያው ጥናት ከመድኃኒት ኩባንያ የመጣ ሳይሆን የሆስፒታሉ ሐኪሞች ራሳቸው ያዘጋጁት ሲሆን፣ ከዚህ በፊት የታወቁ ሁለት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶችን በአዲስ ቅንብር፣ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረገ ይሰጣል። «የሥነ ምግባር ኮሚቴው አጽድቆልናል፤ ከዚህ በኋላ ማን ምን ይቆጣጠር? ያለን በጀት ሁለት ሰው ለመቅጠር ብቻ ይበቃል፤ ከማን ልጀምር?» ሲሉ ጠይቀዋል።

የተከበሩ ዶክተር፣

በመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ መልሱ የቀረውንም ይከፍትልናልና። መጀመሪያ የሚቀጥሩት ሰው የመረጃ ሠራተኛ ይሁን። ምክትል ተመራማሪም፣ የክፍል ኃላፊም፣ ጸሐፊም ከእሱ በኋላ ይምጡ። የታካሚውን ካርድ፣ የመድኃኒት ትእዛዙንና የላቦራቶሪ ውጤቱን ከፕሮቶኮሉ፣ ማለትም ጥናቱ እንዴት እንደሚካሄድ ከሚደነግገው ሰነድ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ በየዕለቱ የሚያነብ፣ ያልገባውን ነገር ሲያይ ደግሞ ዋናውን ተመራማሪ ጭምር ለማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው ማለቴ ነው። በአሜሪካ በአንድ የካንሰር ማዕከል የሙከራዎች ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ይህን ምክር የምሰጠው የሰው እጥረት ስላለብዎ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሠራተኛ ላለው ማዕከልም የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ምክንያቱን በሁለት ታሪኮች ላስረዳ። ሁለቱም በይፋ የታወቁ ናቸው።

ቤትሲ ሌማን የቦስተን ግሎብ ጋዜጣ የጤና ዓምደኛ ነበረች። በ39 ዓመቷ የጡት ካንሰር ይዟት፣ በከተማዋ ታላቅ ስም ባለው በዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ በሚሞከርበት ጥናት ውስጥ ገባች። ፕሮቶኮሉ ሳይክሎፎስፋሚድ የተባለውን መድኃኒት በአራት ቀን ተከፋፍሎ የሚሰጥ ጠቅላላ መጠን አድርጎ አስቀምጦት ነበር፤ ትእዛዙ ሲጻፍ ግን ያ ጠቅላላ መጠን የአንድ ቀን መጠን ተደርጎ ተወሰደ። እናም አራት ቀን ሙሉ፣ በእያንዳንዱ ቀን የአራቱን ቀን መድኃኒት ወሰደች። ትእዛዙ በሐኪም፣ በፋርማሲና በነርሶች እጅ ሲያልፍ ማንም አላስቆመውም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1994 ሞተች። በዚያው ጥናት የነበረች ሌላ ታካሚም ተመሳሳይ ስሕተት ደርሶባት በሕይወት ብትተርፍም ልቧ ተጎዳ። ስሕተቱ የታወቀው በሬሳ ምርመራ ወይም በኮሚቴ ስብሰባ አይደለም፤ በፌብሩዋሪ 1995 የጥናቱን መዝገብ ያጣራ የነበረ የመረጃ ሠራተኛ ቁጥሮቹን ሲያመሳክር አይቶት ነው። ሁለት ወር አልፎ ነበር።

ያ ጥናት የጸደቀ ጥናት ነበር። ተቋሙ ኮሚቴ አልጎደለውም፤ ዕውቀትም አልጎደለውም። የጎደለው ያንን ቁጥር በተጻፈበት ዕለት ከፕሮቶኮሉ ጋር የሚያስተያይ ዓይን ነበር። ያ ዓይን በተቋሙ ውስጥ ነበር፤ የተመደበው ግን ለታካሚዋ ደኅንነት ሳይሆን ለጥናቱ መዝገብ ስለነበር የመጣው ዘግይቶ ነው። እኔ ስለ ቁጥጥር የማውቀው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ስሕተትን የሚያየው ሰው ብዙውን ጊዜ አለ፤ ማዕከሉ ግን ከታካሚው ርቆ፣ ከጊዜው ዘግይቶ፣ ከሥልጣን ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ታሪክ ከሰሜን አሜሪካው ታላቅ የጡት ካንሰር ጥናት ቡድን የመጣ ነው። ቢ-06 የተባለው የዚህ ቡድን ጥናት ጡትን ሙሉ በሙሉ ማስወገድን ዕጢውን ብቻ ከማውጣት ጋር አነጻጽሮ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲታተም የብዙ ሴቶችን ጡት ከመቆረጥ ያዳነ ነው። በ1990 ፒትስበርግ በሚገኘው የቡድኑ ማስተባበሪያ የሚሠራ የመረጃ ሠራተኛ፣ ከሞንትሪያል አንድ ሆስፒታል የመጡ የአንዲት ታካሚ ሁለት የቀዶ ሕክምና ሪፖርቶች ከቀኑ በስተቀር ቃል በቃል አንድ መሆናቸውን አስተዋለ። ምርመራው ሲቀጥል፣ በዚያ ሆስፒታል የነበረው ሐኪም የመግቢያ መስፈርቱን የማያሟሉ ታካሚዎች ወደ ጥናት እንዲገቡ ለዓመታት መረጃ ሲለውጥ መኖሩ ተረጋገጠ። ነገሩ በ1994 በጋዜጣ ሲወጣ ሕዝቡ ደነገጠ፤ የእሱ ታካሚዎች ወጥተው ሲሰላ የጥናቱ መደምደሚያ ባይለወጥም፣ በዚያ ሕክምና ላይ እምነታቸውን ጥለው የነበሩ ሴቶች የገቡበትን ጭንቀት የሚመልስ ስሌት የለም።

ይህን ያነሣሁት ሐኪሙን ለመውቀስ አይደለም። ያቀረበው ምክንያት «ታካሚዎቼ የተሻለ ሕክምና እንዲያገኙ ብዬ ነው» የሚል ነበር፤ እኔም በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው ከመስፈርት ማፈንገጦች አብዛኞቹ ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ የመጡ ናቸው። እርስዎም ጋ ይመጣል። ሌላ አማራጭ የሌላት፣ ከሩቅ አገር የመጣች፣ ቤተሰቧ ከብት ሸጦ ያሳከማት ታካሚ ፊትዎ ትቀመጣለች፤ የኩላሊቷ ውጤት ከመስፈርቱ በጥቂት ነጥብ ብቻ ያልፋል፤ «ይህቺ ጥቂት ነጥብ ምን ታመጣለች?» የሚል ድምፅ ይሰማዎታል። መስፈርቱ የተጻፈው ግን መድኃኒቱ በኩላሊት ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ ታካሚ ወደ ጥናቱ እንድትገባ የሚፈልገው ሰውና መስፈርቱን ማሟላቷን የሚያረጋግጠው ሰው አንድ እንዳይሆኑ ያድርጉ። ሐኪሙ ይመርምር፣ ያቅርብ፤ የመረጃ ሠራተኛው እያንዳንዱን መስፈርት ከመጀመሪያው ሰነድ ላይ ራሱ አይቶ ሳይፈርም ግን የታካሚዋ ስም በጥናቱ መዝገብ አይስፈር፤ መድኃኒቱም ከፋርማሲ አይውጣ። ይህን አንድ ደንብ ከመጀመሪያው ታካሚ ጀምሮ ካልተከሉት ከአሥረኛው በኋላ መትከል እጅግ ይከብዳል።

አሁን «ማን ምን ይቆጣጠር» ወደሚለው ልግባ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚያየው በዋነኛነት ወረቀት ነው፤ ፕሮቶኮሉን፣ የስምምነት ቅጹንና የሚላክለትን ሪፖርት ያያል፤ የሕክምና ክፍሉን ግን አያይም። ይህ ጉድለት ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1971ዱ የካንሰር ሕግ ወዲህ በተስፋፉት፣ በብሔራዊ የካንሰር ተቋም ዕውቅና በሚሰጣቸው ማዕከላት ውስጥ፣ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው በተጨማሪ ሁለት ነገሮች ግዴታ ናቸው። አንደኛው ጥናቱ በሳይንስ ረገድ የሚረባ መሆኑንና በተባለው ፍጥነት ታካሚ እያገኘ መሆኑን የሚመዝን፣ ካልሆነም የሚዘጋ የሳይንስ ገምጋሚ ኮሚቴ ነው። ሁለተኛው በጽሑፍ የሰፈረና የጸደቀ የመረጃና የደኅንነት ክትትል ዕቅድ ነው። በኢትዮጵያም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አለ፤ ይሁን እንጂ የትኛውም ፈቃድ ሰጪ አካል ማክሰኞ ጧት እርስዎ ኬሞቴራፒ ክፍል ውስጥ አይገኝም።

እዚህ ላይ የእርስዎን ጥናት ከሌሎች የሚለይ አንድ ነገር አለ፤ በሚገባ ያጢኑት። ጥናቱ የመድኃኒት ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ኩባንያው የራሱን ሞኒተር (ተቆጣጣሪ) እየላከ ካርዱን ከቅጹ ጋር ያመሳክር፣ የመድኃኒት ክምችቱን ይቆጥር፣ የሙቀት መዝገቡን ያይ ነበር። የእናንተ ጥናት የራሳችሁ ስለሆነ የስፖንሰርነት ኃላፊነቱ፣ ማለትም የጥናቱ ባለቤት ሆኖ የመጠየቅ ኃላፊነት፣ በሆስፒታሉ ላይ ነው፤ ማንም ከውጭ መጥቶ አይፈትሻችሁም። በሐኪሞች የተነሣሡ ጥናቶች ከኩባንያ ጥናቶች የበለጠ ቁጥጥር የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው፤ በተግባር ግን የሚያገኙት ያነሰ ነው። ስለዚህ በጥናቱ ውስጥ ስሙ የሌለ አንድ ባልደረባ፣ ቢቻል ከሌላ ሆስፒታል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ታካሚዎች ሙሉ ካርድ ወዲያውኑ፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ የተወሰኑትን እንዲፈትሽ በጽሑፍ ይመድቡ። የመጀመሪያዎቹን ታካሚዎች መፈተሽ ከሁሉ ይበልጣል፤ ፕሮቶኮል ላይ ያለ አሻሚ ቃል የሚገለጠው እነሱ ላይ ነውና።

ያን የክትትል ዕቅድ ይዞ የታካሚዎቹን ደኅንነት በየጊዜው የሚመዝነውን የመረጃና የደኅንነት ክትትል ኮሚቴ በተመለከተ ትልቅ ጉባኤ አያስፈልግዎትም። አንድ ከጥናቱ ውጭ የሆነ የካንሰር ሐኪም፣ አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያና አንድ ክሊኒካል ፋርማሲስት ይበቃሉ፤ አስፈላጊው ነገር የማቆም ሥልጣናቸው በፕሮቶኮሉ ውስጥ በግልጽ መጻፉ ነው። ጥናታችሁ መጠን እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ የተለመደውን የሦስት በሦስት ስልት ትከተላላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ሦስት ታካሚዎች በአንድ ደረጃ ይገባሉ፤ ከሦስቱ ማንም መጠን የሚገድብ ጉዳት (መጠኑን ከዚያ በላይ ማሳደግ የሚከለክል ብርቱ የጎንዮሽ ጉዳት) ካልደረሰበት ቀጣዮቹ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋሉ፤ አንዱ ከደረሰበት ሦስት ተጨማሪ ሰዎች በዚያው ደረጃ ይታያሉ፤ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መጨመሩ ይቆማል። በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። ችግሩ ሦስተኛዋ ታካሚ የክትትል ጊዜዋን ሳትጨርስ አራተኛው ታካሚ በር ላይ መቆሙ ነው።

ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ማዕከል የደረሰውን ልንገርዎት። የአንድ ደረጃ ሦስት ታካሚዎች ያለ ችግር እንዳለፉ ተቆጥሮ አራተኛው በሚቀጥለው ከፍ ያለ መጠን ጀመረ። የላቦራቶሪ ውጤቶቹ ወደ ጥናቱ መዝገብ የሚገቡት ከወራት በኋላ ነበርና፣ ዘግይተው ሲገቡ ከሦስቱ ሁለቱ መጠን የሚገድብ ጉዳት ደርሶባቸው እንደነበር ታየ። ሐኪሞቹ ታካሚዎቹን አክመዋቸዋል፤ ካርዱ ላይም ጽፈዋል፤ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ደረጃ መቆም አለበት» ያለ ሰው ግን አልነበረም። አራተኛው ሰው ተረፈ። እኔ ያን ጊዜ መዝገቡ ለምን እንደዘገየ የመጠየቅ ድርሻ ነበረኝ፤ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ባቋቋምናቸው ክፍሎች ሁሉ ደንባችን አንድ ነው፦ የደረጃው ታካሚዎች መረጃ በሙሉ ገብቶ፣ የኮሚቴው ውሳኔ በጽሑፍ ተፈርሞ፣ ወረቀቱ ፋርማሲ ሳይደርስ የሚቀጥለው ደረጃ መድኃኒት አይዘጋጅም። ፋርማሲስቱን የበሩ ጠባቂ ያድርጉት፤ ሐኪሙን እምቢ ለማለት ከነርስ ይልቅ ይቀለዋል።

ስለ ጎጂ ክስተቶች ዘገባ ሲያሠለጥኑ በአማርኛችን ምክንያት የሚመጣ አንድ መደናገር አለ። በእንግሊዝኛው «ሲቪር» እና «ሲሪየስ» የተባሉት ሁለት ቃላት እኛ ዘንድ ሁለቱም «ከባድ» ተብለው ይተረጎማሉ፤ ትርጉማቸው ግን ፈጽሞ ይለያያል። የመጀመሪያው የጉዳቱን ብርታት ይለካል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም መመዘኛ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ሰጥቶታል። ሁለተኛው ክስተቱ ያስከተለውን ይጠይቃል፦ ለሞት ወይም ለሞት አደጋ ዳርጓል? ሆስፒታል አስተኝቷል? ቆይታ አራዝሟል? አካል ጉዳት አስከትሏል? ለምሳሌ የአንድ ታካሚ ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚከላከለው የነጭ ደም ሴል) በማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ወርዶ ሳለ ትኩሳት ሳይኖረው ተቀምጦ ሊያወራዎት ይችላል፤ ይህ ደረጃ 4 ቢሆንም በሁለተኛው መመዘኛ ላይገባ ይችላል። በሌላ በኩል መካከለኛ ተቅማጥ ያዳከማቸው አንዲት እናት ለሁለት ሌሊት ከተኙ ወዲያውኑ መዘገብ አለበት። ነርሶችዎ ሁለቱን በአንድ «ከባድ» ከጠሯቸው፣ መዘገብ ያለበት ይቀራል፤ የማያስፈልገው ይበዛል። እኛ የመጀመሪያውን «ብርቱ»፣ ሁለተኛውን «አስቸኳይ ዘገባ የሚሻ» እያልን ለይተነዋል፤ እርስዎ የሚስማማዎትን ቃል ይምረጡ፤ ብቻ ሁለት ቃል ይሁን። የጊዜ ገደቡን በተመለከተ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያልተጠበቀና ከመድኃኒቱ ጋር የሚያያዝ ሞት ወይም የሞት አደጋ በ7 ቀን፣ ሌላው ያልተጠበቀ አስቸኳይ ክስተት በ15 ቀን ውስጥ እንዲደርሰው ስፖንሰሩን ያስገድዳል፤ ከሐኪሙ ወደ ስፖንሰሩ ግን ወዲያውኑ መድረስ አለበት፤ እኛ 24 ሰዓት እንላለን። የኢትዮጵያውን ገደብ ከባለሥልጣኑ መመሪያ ወስደው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

በጥያቄዎ ያላነሡት ነገር ግን ሳልጽፈው ማለፍ የማልችለው የስምምነት ጉዳይ ነው። እኛ አገር ቤተሰብ «ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሯት፤ ትሞትብናለች» ብሎ ሐኪሙን በር ላይ ይጠብቀዋል። በመደበኛ ሕክምና ሐኪሞች ከዚህ ልመና ጋር በዘዴ ሲኖሩ አይቻለሁ፤ አልፈርድም። በሙከራ ግን አይሆንም። ሕመሟን የማታውቅ ሴት ስለ ሕመሟ የሚሞከር መድኃኒት ልትስማማ አትችልም፤ የልጇ ፊርማም በእሷ ፊርማ ቦታ አይቆምም። መውጫው ቤተሰቡን መጋፋት አይደለም፤ ከስምምነቱ ቀን አስቀድሞ ሌላ ቀን ወስዶ፣ ታላቅ ወንድሙን ወይም ንስሐ አባቱን ጭምር አስቀምጦ፣ «ለጥናቱ የምናቀርባቸው እውነቱን ለመስማት ከፈቀዱ ብቻ ነው፤ ባይፈቅዱም የተለመደው ሕክምና አይቀርባቸውም» ብሎ በግልጽ መንገር ነው። ከዚያ ታካሚዋን ራሷን «ስለ ሕመምሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። ማወቅ አልፈልግም ካለች ውሳኔዋ ይከበር፤ ወደ ጥናቱ ግን አትግባ። ቅጹ ከተነበበላት በኋላም የተረዳችውን በራሷ አንደበት እንድትነግርዎ ያድርጉ፤ «መድኃኒቱ ያድነኛል ብላችሁኛል» ካለች ገና አልተስማማችም፤ በእንዲህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ጥናት የሚፈለገው የሚቻለውን መጠን ማወቅ ነውና። ቅጹን የሚያስረዳው ሰውም የሚያክማት ሐኪም ባይሆን እመርጣለሁ፤ ሐኪሟን እምቢ ማለት ይከብዳታል።

በበጀትዎ የሚቀጥሩት ሁለተኛው ሰው እንግዲህ ነርስ ይሁን፤ ስምምነቱን የምታስረዳው፣ ታካሚዎቹ ቤታቸው ከገቡም በኋላ የምትከታተላቸው እሷ ነች። ብዙዎቹ ታካሚዎችዎ መድኃኒቱን ወስደው ወደ ክፍለ ሀገር ይመለሳሉ፤ የነጭ ደም ሴላቸው እጅግ በሚወርድበት በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ቢይዛቸው የሚደርሱት ጤና ጣቢያ ስለ ጥናቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ነርሷ በእነዚያ ቀናት በየቀኑ ትደውል፤ እያንዳንዱ ታካሚም የመድኃኒቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀንና የስልክ ቁጥር የተጻፈበት በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የተዘጋጀ ካርድ ይያዝ። ስልክ የማይይዝ፣ የሚቀበለው ዘመድም በአቅራቢያ የሌለው ታካሚ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች አዲስ አበባ እንዲቆይ ማረፊያ ሊያገኙለት ካልቻሉ ወደዚህ ጥናት አያስገቡት። ይህ ጥናቱን ያዘገየዋል። ይዘግይ።

ስለ መዘግየት ካነሣሁ፣ በስንት ወር ስንት ታካሚ ካልገባ ጥናቱ እንደሚዘጋ ከአሁኑ ጽፈው ያስቀምጡ። ከሚያስፈልገው ቁጥር ሳይደርስ የሚንጠባጠብ ጥናት መልስ አይሰጥም፤ የገቡት ሰዎች ግን መርፌውንና ማስመለሱን ተቀብለዋል። ጥናት መዝጋት ለተመራማሪው ሽንፈት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ውሳኔው በእሱ እጅ አይሁን።

የመድኃኒት ቆጠራ፣ የማቀዝቀዣ ሙቀት መዝገብ፣ ማን ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የሚያሳየው የፊርማ ዝርዝር፣ የሠራተኞች የሥልጠና ወረቀት፣ እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ፤ ጥሩ የመረጃ ሠራተኛ በአንድ ወር ውስጥ ያደራጃቸዋልና አላረዝምባቸውም።

የመጀመሪያዋ ታካሚ ከመግባቷ በፊት ግን አንድ ቀን ወስደው ይህን ያድርጉ። የፕሮቶኮሉን የመድኃኒት ሠንጠረዥ ብቻ ለይተው፣ ስለ ጥናቱ ምንም ላልሰማ አንድ ፋርማሲስትና ለአንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ ለየብቻ ይስጧቸው። የኬሞቴራፒ መጠን ብዙውን ጊዜ በሰውነት ስፋት ስለሚሰላ፣ የሰውነቷ ስፋት 1.6 ካሬ ሜትር የሆነች ታካሚ አለች ብለው ያስቡና «በሁለተኛው ቀን ስንት ሚሊግራም ትሰጣላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው። በቦስተኑ መጠን፣ በካሬ ሜትር 4,000 ሚሊግራም በአራት ቀን ተከፋፍሎ ቢሆን፣ ትክክለኛው መልስ 1,600 ነው፤ 6,400 የሚል ሰው ከተገኘ ግን ጥፋቱ የገጹ ነው። ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ከሰጡዎት፣ ወይም አንዳቸው ቢያመነቱ፣ ገጹ እንደገና ይጻፍ፤ የየቀኑ መጠን በየቀኑ ስም ለየብቻው፣ ሊታለፍ የማይችለው ከፍተኛ ቁጥርም ከሥሩ ይስፈር። ከዚያም ላላዩት ለሌሎች ሁለት ሰዎች ይስጡት።